«ርካሽ!» የሚል የታተመበት መጽሔት በ12 ዶላር

ባለፈው ወር ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታተሙ፣ «ማድ» የተባለው የአሜሪካ የፌዝ መጽሔት አራት እትሞችን ገዛሁ። ሽፋናቸው ላይ ከዋጋው አጠገብ «ርካሽ!» የሚል ቃል ታትሟል፤ እኔ ግን ለእያንዳንዱ 12 ዶላር ከፍያለሁ።

ስሙ «እብድ» ማለት የሆነው ይህ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ በአዘጋጁ ሃርቪ ከርትዝማንና በአሳታሚው ዊልያም ጌንስ ተጀመረ። ከ1957 እስከ 2001 ድረስ የንግድ ማስታወቂያ አይቀበልም ነበርና በሲጋራውም በመኪናውም ሻጭ ላይ ያሻውን ሲያፌዝ ደንበኛ ይቀየመኛል የሚል ስጋት አልነበረበትም።

እኔን የሳበኝ የፊልም ፌዙ ነው። ከአራቱ አንዱ የታኅሣሥ 1972 እትም ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የወጣውን «ዘ ጎድፋዘር» የ«ጎድ»ን የመጀመሪያ ድምፅ ነጥቆ «ዘ ኦድፋዘር» ይለዋል፤ የተከበረው የክርስትና አባት በአንዲት ድምፅ ጉድለት ግራ የሚያጋባ አባት ሆኖ ቁጭ ይላል። ቃሉን ወደ አማርኛ ሲመልሱት ጨዋታው ይጠፋል፤ የሠዓሊው የሞርት ድራከር እጅ ግን ትርጉም አይሻም። ድራከር ፊትን አያበላሽም፤ ተዋናዩ ራሱ ሊደብቀው የሚሞክረውን ጥቂት ያጎላና፣ ያንኑ ሰው በየሥዕሉ በሌላ ማዕዘን እያዞረ ሳይስት ይደግመዋል። ፊልሙን አዲስ አበባ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ያየሁት ቋንቋውን በቅጡ ሳልለይ ነበር፤ ፊቶቹን ግን ወዲያው አወቅኋቸው።

ዴቭ በርግ ከ1961 ጀምሮ ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ ይሥላቸው የነበሩት አጫጭር ቀልዶች በአንጻሩ ቀዘቀዙብኝ። የማንም ሰው ኑሮ ከሆሊውድ ፊልም ይልቅ ይቀርበኛል ብዬ ነበር የገመትሁት፤ ሆኖም ፊልሙ እስከ ሰፈራችን ሲመጣ የግቢ ሣር ማጨድና የሥነ ልቦና ሐኪም ሶፋ አብረውት አልመጡም። ልጁን ሊመክር ተነሥቶ ራሱ ተመክሮ የሚቀመጠው አባት ብቻ አሳቀኝ፤ የዚህ ምክንያቱ ምናልባት ቤቴ ያለችው የ15 ዓመት ልጅ ሳትሆን አትቀርም።

ከሁሉ የላቁት ቃል የሌላቸው ናቸው። ሰርጂዮ አራጎኔስ በገጾቹ ኅዳግ ላይ የሚበትናቸውን ጥቃቅን ሥዕሎች፣ ከኩባ የተሰደደው አንቶንዮ ፕሮሂያስ የፈጠራቸውን ጥቁርና ነጭ ሰላዮችም፣ ከአማርኛ በቀር የማታነበው እናቴ መነጽሯን አድርጋ ያለ አስተርጓሚ ጨርሳቸዋለች።

አል ጃፊ በ1964 የጀመረው የሚታጠፈው ገጽ ግን አስከፍቶኛል። ገጹ ሲዘረጋ አንድ ሥዕልና ጽሑፍ፣ ሲታጠፍ ደግሞ ከዚያው መስመርና ፊደል የተገጣጠመ ሌላ ነገር ይታያል፤ በቅኔያችን ኅብረ ቃል የምንለው ዓይነት ነው። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች እያጠፉ በሦስቱ እትሞች ላይ ቀለሙን አስለቅቀውታል፤ አራተኛው በእጥፋቱ ተቀድዷል። ሻጩ ግን «ንጹሕ» ብሎ ነበር የሸጠልኝ።

መጽሔቱ ከ2019 ወዲህ በአብዛኛው የቀድሞ ሥራዎቹን መልሶ የሚያትም በመሆኑ አሮጌውን መፈለግ አያስቆጭም። ከመግዛትዎ በፊት ያዩት ፊልም የተፌዘበትን እትም ይምረጡ፤ ሳይከፍሉም የሚታጠፈው ገጽ ያለበትን የኋላ ሽፋን ገልጠው ውስጡን ይመልከቱ።