በአሮጌ ስፖርት መኪና ሆድ ሥር የላኖሊን ቅባት፦ ከወራት በኋላ

ላኖሊን ከበግ ሱፍ የሚወጣ ቅባት ነው። ውሃን ያርቃል፣ ደግሞም አይደርቅም። ለመኪና ሆድ የገዛሁትም ለዚሁ ነው። መኪናዋ ሁለተኛው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ ከ1998 እስከ 2005 ከተመረቱት አንዷ።

ከዚያ በፊት ሆዷ ሬንጅ በሚመስል ጥቁር ቅብ ተሸፍኖ ነበር። ላዩን ሲያዩት ጤነኛ ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ስጫነው ግን ተልጦ ተነሳ፣ ከሥሩም እርጥብ ቡናማ ዱቄት ረገፈ። እንዲህ ያለው ቅብ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ውሃው በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። ዝገቱም ተደብቆ ሥራውን ይሠራል።

የዚህች መኪና ክፉ ዝገት ደግሞ የሚነሳው ከውስጥ ነው። ከሸራ ጣሪያው የሚወርደው ውሃ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ባሉ ቱቦዎች አልፎ ከኋላ ጎማው ፊት ይወጣል። ቱቦው በቅጠልና በጭቃ ከተደፈነ ውሃው ከበሩ ሥር ባለው፣ ውስጡ ባዶ በሆነ ላሜራ ውስጥ ይተኛል። የፊት ሻሲውም ድርብርብ ላሜራ ስለሆነ መሀሉ የገባ እርጥበት በቀላሉ አይወጣም። ከውጭ ትንሽ እብጠት ካያችሁ ውስጡ ቀድሞ ተበልቷል ማለት ነው።

የተበላው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተበየደ። በዚህ ድርድር የለም፤ ሻሲ ላይ ስቱኮ የሚሞላ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ላዩን ብቻ የዛገውን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ የዝገት መለወጫ ቀባሁት። በውስጡ ያለው ታኒክ አሲድ ከዝገቱ ጋር ሲዋሃድ ቡናማው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሆናል፤ ሲለወጥ በዓይን ይታያል፣ ደስ ይላል። ቅርፊት የሠራ ዝገት ላይ ግን ከላይ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ፍግፈጋው አይዘለልም። ከዚያ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ማለትም ብረቱን አጥብቆ የሚይዝ የመጀመሪያ ቀለም፣ በመጨረሻ ላኖሊኑ። በየቀዳዳው ረጅም ቀጭን ቱቦ አስገብቼ ውስጡንም ረጨሁት። ፍሬንና ማርሚታ ላይ እንዳያርፍ ሸፍኑ። ጎሚኒዎቹን፣ ማለትም በብረቶቹ መሀል ያሉትን የጎማ ክፍሎች፣ መሸፈንም አትርሱ፤ ቅባት የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል።

ከወራት ዝናብና ጭቃ በኋላ አንስቼ በካቫሌቶ (መኪና ደግፎ በሚይዝ የብረት እግር) ላይ አቁሜ አየኋት። ወለሉ እንደተቀባ ነው፤ ውሃ ስረጭበት እየተንከባለለ ይወርዳል። የብየዳው መስመሮች ንጹሕ ናቸው። በጣም የወደድኩት ግልጽነቱን ነው። ጣቴን ሳሳልፍበት ቅባቱ ገለል ይላል፣ ከሥሩ ፕራይመሩ ይታያል። ምንም የሚደበቅ ነገር የለም።

የጎማ ቤቶቹ ላይ ግን አልቻለም። ጎማው የሚወረውረው ጠጠርና ውሃ ጠርጎ ወስዶታል፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለው ጥግ ላይ ፕራይመሩ ራሱ ተጭሯል። አቧራም ይይዛል። ከሥር የሚሠራ መካኒክ ልብሱ መበላሸቱ አይቀርም። የሱፍ ሽታውም መጀመሪያ አካባቢ ከበድ ይላል፤ በኋላ ይጠፋል።

ድጋሚ እገዛዋለሁ? አዎ፣ ለወለሉና ለሻሲው ውስጥ ያለማመንታት። ለጎማ ቤት ግን ብቻውን አይበቃም። እዚያ መጀመሪያ ጠጠር የሚችል ጠንካራ ቅብ በፕራይመሩ ላይ ይደረግ፣ ላኖሊኑ ከላይ ይጨመር፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ይታደስ። እኔም የተጫረውን ጥግ አጽድቼ በዚሁ መንገድ ልሠራው ነው።