ወፍ የተጠለፈባት የብሩክሊን ኮፍያ፣ ከ5 ኮከብ 3

ጋሼ የድሮ ቤዝቦል ቡድኖች ኮፍያ ይሰበስባሉ፣ ሜሪላንድ ስንት ዓመት ሲኖሩ ያመጡት ሱስ ነው፣ እና ለልደታቸው ከኦንላይን ሱቅ አንድ አዘዝኩላቸው፣ የሱቁን ስም ተዉት። 45 ዶላር፣ በ6 ቀን ደረሰች። ሱፉ ወፍራም ነው፣ ስፌቱም ጥልፉም ምንም አይወጣለት። ግን የተጠለፈውን ሳይ ሳቄ መጣ፣ "ሮቢንስ 1916" ብለው ደረቷ ቀይ የሆነ ወፍ አስቀምጠውባታል!

ሮቢን ወፍ ናት አውቃለሁ፣ ግን የብሩክሊን (ኒው ዮርክ) ቤዝቦል ቡድን ሮቢንስ የተባለው አሰልጣኙ ዊልበርት ሮቢንሰን ስለነበረ ነው፣ ከ1914 እስከ 1931 እሱ ነው የመራቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጋዜጦቹ በወፍ መቀለዳቸው አልቀረም እሺ፣ ኮፍያቸው ላይ የነበረው ግን ቢ የምትል ፊደል ናት።

ጭራሽ አብሮ የመጣው ካርድ "ኦፊሻል ስም" ይላል። የምን ኦፊሻል! ያኔ ስም የሚያወጣው ጋዜጠኛና ተመልካች ነበር፣ ልክ ሰፈር ውስጥ ስም እንደሚወጣልህ፣ ወደድክም ጠላህም ይለጠፍብሃል። ይሄው ቡድን ራሱ 1888 አካባቢ ተጫዋቾቹ ተከታትለው ሲያገቡ "ሙሽሮቹ" ተባለ፣ ከዛ ከተማው በኤሌክትሪክ ትሮሊ (በሀዲድ የሚሄድ የከተማ ባቡር) ሲሞላና እግረኛው ከፊቱ እየዘለለ ማምለጥ ሲጀምር "ትሮሊ ዶጀርስ" መጣ፣ ከትሮሊ አምላጮች እንደማለት፣ 1899 ላይ ደግሞ ኔድ ሃንሎን አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ሃንሎን ወንድማማቾች የሚባሉ የመድረክ ሰዎች "ሱፐርባ" የሚል ትርኢት ስለነበራቸው ብቻ ቡድኑ "ሱፐርባስ" ተባለ፣ ሰውዬው ደግሞ ዘመዳቸው እንኳ አይደለም 😂 ዶጀርስ ማሊያ ላይ የወጣው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው።

የክሊቭላንዱ ይብሳል፣ በኮከባቸው ናፖሊዮን ላዥዌ "ናፕስ" ይባሉ ነበር፣ 1914 ሲያልቅ ሰውዬው ሲለቅ ስሙም አብሮት ሄደ። እዚሁ ዋሽንግተን ደሞ 1905 ላይ ባለቤቶቹ "ናሽናልስ" ነን ቢሉም ሰዉ "ሴናተርስ" ማለቱን መች ተወ።

ለሱቁ ይሄን ጽፌ ላኩ፣ ለሚቀጥለው ግዢ 10 ፐርሰንት ቅናሽ ሰጡኝ፣ ስለ ወፏ ትንፍሽ የለም። 2 ኮከብ የቀነስኩት ለዛ ነው፣ ለካርዱ እና ለወፏ፣ ኮፍያነቷን ለሚፈልግ ግን ትገዛ።

ጋሼ እንደሆነ ወደዋታል። ባለፈው አድርገዋት ስታዲየም ሄድን፣ ከኋላችን ያለ ሰውዬ ወፏን አይቶ "የባልቲሞር ናት?" አላቸው፣ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ኮፍያ ላይም ወፍ አለ መቼም። ሮቢንሰን ራሱ በ1890ዎቹ የድሮው ባልቲሞር ቡድን ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚይዘው) ነበር፣ ጋሼ ይሄን ስለሚያውቁ "በግማሽ" አሉት።