የእማዬ ዲሽና «የዓመት ማስከፈቻ» የሚባል ነገር

አዲስ አበባ ቤተሰብ ያላችሁ፣ ውጭ አገር የምትኖሩ ሰዎች ይህን አንብቡልኝ። የኢትዮጵያን ጣቢያዎች በዲሽ ለማየት ለዲሽ ሠራተኛም ሆነ «ለሳተላይቱ» የሚሰጥ ወርሃዊም ሆነ ዓመታዊ ክፍያ የለም። ኢቲቪ፣ ፋና፣ ኢቢኤስ፣ ቃና፣ ሁሉም በነፃ ነው የሚታዩት። ዲሽ፣ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው መቀበያ)፣ ገመድና ሪሲቨር ካለ አለቀ። ኳስ ፈልጋችሁ ዲኤስቲቪ የምታስገቡ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ በየወሩ ይከፈልበታል። እናቴ ግን ኳስ አታይም።

እማዬ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ስደርስ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ቁጭ ብሏል። «ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሲግናል የለም ይላል» አለችኝ፤ ልክ ስለ ጎረቤት ሕመም እንደምትነግረኝ ቀስ ብላ። ሜሪላንድ ሆኜ በየሳምንቱ ስደውል አንድም ቀን አላነሳችልኝም። እንዳላስብ ብላ ነው።

መርካቶ ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ዲሽ ሠራተኛ አገናኘን። «ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ደጅ ነኝ» አለ። ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ምሳ ሰዓት አለፈ። ስደውል «መንገድ ላይ ነኝ ብሮ»። እንደገና ስደውል «ደርሻለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ»። በማግስቱም ያው። ዕረፍት ወስጄ የመጣሁበት ጊዜ ሶፋ ላይ ተቀምጦ በር በማየት አለቀ። በስልክ «አልሠራም» ቢለኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ሲመጣ ደግሞ ጣሪያ ላይ አልወጣም። ሶፋው ላይ ተደላድሎ ሪሞቱን አነሳና ሁለቱን መስመሮች አሳየን። አንደኛው፣ «ሲግናል» የሚለው፣ 80ን አልፏል። ሁለተኛው፣ «ኳሊቲ» የሚለው፣ ዜሮ ነው። «አየሽ ማዘር፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው። ሪሲቨሩ ተቃጥሏል» አላት። ከሱቁ በ4,800 ብር አዲስ አስመጣ። ገጠመው፤ ኳሊቲው አሁንም ዜሮ። ይሄኔ «ሳተላይቱ ራሱ ዛሬ ችግር አለበት፣ ማታ ላይ ይመጣል» አለ። ቀጥሎም 2,000 ብር የዓመት ማስከፈቻ ጠየቀ። ለማን ነው የሚከፈለው ስለው «ለሳተላይቱ» አለኝ። እማዬ ቦርሳዋን ከፍታ ብር መቁጠር ጀምራ ነበር፤ ያዝኳት። የድካሙን 1,500 ግን «ተው ልጄ፣ የሰው ልጅ ለፍቷል» ብላ ሰጠችው። ማታም ምንም አልመጣም። ስልኩም ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው መስመር ኤልኤንቢውና ሪሲቨሩ በገመዱ መገናኘታቸውን ነው በብዛት የሚነግረን። ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየም ከፍ ሊል ይችላል። የምንፈልገው ሳተላይት መያዙን የሚናገረው ኳሊቲው ነው። ሲግናል ሞልቶ ኳሊቲ ዜሮ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ጣሪያ ላይ እንጂ ሳሎን ውስጥ አይደለም።

ድሮ ዲሾቻችን ናይልሳት ወደሚባለው ሳተላይት፣ ወደ ምዕራብ ነበር የሚያዩት፣ ወደ 7 ዲግሪ ምዕራብ። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ብዙዎቹ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደሚባለው የጣቢያዎች ስብስብ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ዞረዋል። ከአዲስ አበባ ሲታይ ይኼኛው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከአድማሱ 66 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ስለዚህ በረንዳ ላይ የተተከለ ዲሽ የላይኛው ፎቅ በረንዳ ይጋርደዋል፤ ሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ስላለ ዲሹ አንድ ሁለት ዲግሪ ከተዛነፈ ምስሉ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ዶፍ ሲጥል የሚቆራረጠው ግን ሌላ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል፤ ሠራተኛ አትጥሩ።

እውነቱን ለመናገር እኔ እዚያ ለምጄ ተበላሽቻለሁ። ሜሪላንድ 20 ዶላር የማይሞላ ስስ የቤት ውስጥ አንቴና መስኮት ላይ ለጥፌ ኤንቢሲን፣ ኤቢሲን፣ ፒቢኤስን በነፃ ነው የማየው። ሠራተኛ የለ፣ ጣሪያ የለ። ከአገር ቤት የሚመጣውን ዜና ግን በኢንተርኔት እየተንተባተበ ነው የማየው፣ እሱም የሚቆጠር ከሆነ። ያንን አንቴና ለእናቴ ልውሰድላት ለምትሉ ደግሞ፣ ተዉት። እዚህ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው የሚመጡት ከሳተላይት እንጂ ከቅርብ ማማ አይደለም። የአሜሪካ ቴሌቪዥን መቀበያም አሠራሩ ከዚህ አገሩ ይለያል።

ያዳነን የግቢው ጥበቃ የጠቆመን ልጅ ነው። ሁለት ብሎክ አልፎ ነው የሚኖረው። እመጣለሁ ባለበት ሰዓት መጣ፤ ሶፋው ላይ አልተቀመጠም። አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍና ትንሽ የሲግናል መፈለጊያ ይዞ ቀጥታ ወደ ላይ። ሮቶ ሲያወጡ የነበሩ ሰዎች ዲሹን ገጭተውት፣ ብሎኑ ላልቶ ፊቱን ዝቅ አድርጎ ነበር። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች በስልክ። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» ልጅ ሳለን የአሉሚኒየሙን አንቴና ስናዞር እንደምንጮኸው ማለት ነው፤ እማዬ ከወጥ ቤት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ኳሊቲው ድንገት 70 ላይ ዘለለ።

ይህም አልበቃውም። የገመዱን ጫፍ ቆርጦ አሳየኝ፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ ውኃ ገብቶበት ነው። አዲስ ማያያዣ አደረገለት፣ በፕላስተር ጠቀለለው፣ ዝናቡ በገመዱ ተከትሎ ወደ ውስጥ እንዳይገባም ከኤልኤንቢው በታች ገመዱን ትንሽ አርግቦ አሰረው። ከዚያ ወርዶ «ተቃጥሏል» የተባለውን አሮጌ ሪሲቨር ሰካው። ይሠራል! ለሁሉም የጠየቀው 600 ብር ነው።

አዲሱን ሪሲቨር ይዤ ሱቁ ሄድኩ። «ካርቶኑ ተከፍቷል፣ አንመልስም» አሉኝ። ሠራተኛውንም አናውቀውም አሉ፣ ራሳቸው ቁጥሩን ሰጥተውን። ሪሲቨሩን ለአክስቴ ሰጠኋት፤ እሷ ቤት ዲሽ የሚተክለው ያው ጥበቃው የጠቆመን ልጅ ነው፣ ቅዳሜ ይመጣል።