ኤንጅልና ስፓይክ፦ የተጫነች ነፍስና የተፈለገች ነፍስ
እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በታየው «ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» በተሰኘ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ውስጥ፣ ዋና ገጸ ባሕሪዋን የቫምፓየሮች አዳኝ ባፊን ያፈቀሩት ሁለቱ ቫምፓየሮች (ነፍስ አልባ ደም መጣጮች) ወደ ንስሐ የገቡበት በር የተለያየ ነው። ኤንጅል ነፍሱ የተመለሰችለት፣ ልጃቸውን የገደለባቸው ሮማዎች (ጂፕሲ የሚባሉት ሕዝቦች) በ1898 ለቅጣት በእርግማን ስለጫኑበት ሲሆን፣ ፍጹም ደስታን በቀመሰባት ቅጽበት መልሶ ስለሚያጣት ፍቅሩ ራሱ የጭካኔው መነሻ ይሆናል። ስፓይክ ግን ባፊን ሊደፍር ከሞከረ በኋላ ወደ አፍሪካ ተጉዞ፣ ከባድ ፈተናዎችን ተቀብሎ፣ ነፍሱን በገዛ ፈቃዱ አስመለሰ። በጨለመው ቤተ ክርስቲያን መስቀሉን አቅፎ፣ ገላው እየጨሰ ዕረፍት ሲለምን ያየሁበት ትዕይንት ዛሬም ልቤን ይነካዋል። በደሉን ባይሰርዝለትም፣ ማንም ሳያስገድደው ጸጸትን መርጧልና ለእኔ የሚበልጠው የስፓይክ መንገድ ነው።