የዱቤ መዝገባችንን ላቃናችልን እህት

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ሰው ማመስገን ስለማልችልበት ቢንዛዛ ይቅር በሉኝ።

ሰኞ ገበያ ያለውን የአባቴን ሱቅ የዱቤ ደብተር ኮምፒውተር ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ማታ ማታ ጃንጎ (በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) እየተማርኩ። ጥፋቱም የኔው ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ዱቤ ላይ የደንበኛውን ስም በጽሑፍ እሞላ ነበር። ወሎ ውስጥ ይህ ምን እንደሚያመጣ ታውቁታላችሁ፦ አንዱ ሰውዬ «መሐመድ»፣ «መሀመድ»፣ «ሙሐመድ» እየተባለ ሦስት ሰው ወጣው። በኋላ ነቅቼ ደንበኛን ለብቻው ሞዴል (የራሱ ሰንጠረዥ ያለው መዝገብ) አድርጌ ከዱቤው ጋር በፎሪን ኪይ (አንዱን መዝገብ ከሌላው በሚያያይዝ መስክ) አያያዝኩት፤ ሦስቱ መሐመዶች ግን እንዳሉ ተሻገሩ። ኦን ዲሊት (የተያያዘው ሲጠፋ ምን ይሁን የሚለው) ካልተሞላ ጃንጎ እሺ አይልም፤ እኔም ሳላስብ ካስኬድ (አብሮ ይጥፋ) ብዬ አለፍኩ። አንድ ቀን ትርፍ ነው ያልኩትን መሐመድ ሳጠፋው በሱ ስር የተጻፈው ዱቤ ሁሉ አብሮ ጠፋ። አባቴ ደብተሩን አለመጣላቸው በጀን!

ያኔ ነው ሀረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ይህችን የማመሰግናትን ፕሮግራም ሠሪ ልጅ ያገኘኋት። ኮዱን ሳታይ ሱቃችን ድረስ መጥታ አባቴን ጠየቀቻቸው፦ «ጋሼ፣ ደንበኛ ቢሞት ዱቤውን ይሰርዙታል?»

«ሰው ቢሞት ዱቤ ይሞታል እንዴ? ልጆቹ አሉ አይደል!» አሏት።

በዚህ መልስ ከዱቤ ወደ ደንበኛ የሚሄደው ፎሪን ኪይ ፕሮቴክት ሆነ። አሁን ዱቤ ያለበትን ደንበኛ ላጥፋ ብል ጃንጎ እምቢ ይለኛል። ዱቤውን ወደ መዘገበው ሠራተኛ የሚሄደው ደግሞ ሴት ነል (ባዶ አድርገው) ተደረገ፤ ሠራተኛው ለቆ ስሙ ሲጠፋ ቦታው ባዶ ይሆናል እንጂ መዝገቡ አይነካም። ለዚህ መስኩ ባዶ እንዲቀበል ነል መፍቀድ ግድ ነው፤ ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ካስኬድን የተወችው ዱቤው ውስጥ ለተዘረዘሩት ዕቃዎች ብቻ ነው፤ ዱቤው ከሌለ «2 ኪሎ ስኳር» ብቻውን ምን ይሠራል?

ከዚያ ከአባቴ ጋር ቁጭ ብላ፣ ቡና እየተፈላ፣ መሐመዶቹን አንድ በአንድ ለየች። ዱቤዎቹን ወደ ትክክለኛው ሰው አዛወረች፤ ባዶ የቀሩትን ስሞች አጠፋች። ፕሮቴክቱ ስላለ የተረሳ ዱቤ ቢኖር ራሱ ይከለክላት ነበር። የጠፋውን ከደብተሩ መልሰን ጻፍን። የደንበኞች ገጽ ለምን እንደሚንቀራፈፍም አሳየችኝ፦ ለእያንዳንዱ ዱቤ የባለቤቱን ስም ለብቻው እየጠየቀ ነበር፤ ሴሌክት ሪሌትድ (የተያያዘውን አብረህ አምጣ የሚል ትእዛዝ) ስትጨምርበት ሁሉንም በአንድ ኳሪ (ለዳታቤዙ በሚቀርብ ጥያቄ) አመጣው።

ዋጋዋ የሚከብድ አይደለም፤ የሠራችውንም ቁጭ ብላ አስረድታኝ ነው የሄደችው። ሱቅ፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስልክ ቶሎ አታነሳም፤ ለጽሑፍ ግን ማታም ቢሆን ትመልሳለች።