የማርሚታ ቫልቭን ከዳሽቦርድ ለመቆጣጠር የትኛው አገጣጠም ይሻላል? ለገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

በበርካታ የስፖርት መኪናዎች ጭስ ማውጫ ውስጥ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ በዘንግ ላይ የሚዞር ቫልቭ አለ። ቫልቩ ሲዘጋ ጭሱ ድምፅ በሚያፍኑት የማርሚታው ክፍሎች ዞሮ ለመውጣት ይገደዳል፤ ሲከፈት ግን አጭሩንና ሰፊውን መንገድ ይዞ ስለሚወጣ የሞተሩ ድምፅ ሙሉ ሆኖ ይሰማል። መቼ መከፈት እንዳለበት የሚወስነው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ ሲወስንም የሞተሩን ዙር፣ የመኪናውን ፍጥነት፣ ነጂው ነዳጅ መስጫውን የረገጠበትን መጠንና የተመረጠውን የአነዳድ ስልት ያገናዝባል። አምራቾች ይህን የሚያደርጉበት ዋናው ምክንያት የድምፅ ሕግ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 51 መሠረት የመኪና ድምፅ የሚለካው መኪናው ከሚያልፍበት መስመር መሃል 7.5 ሜትር ርቀት ላይ በሚተከሉ ማይክሮፎኖች ስለሆነ፣ መኪናው በዚያ ፈተና ጸጥተኛ፣ በከፍተኛ ዙር ደግሞ ነጻ እንዲሆን የሚያስችለው ይህ ቫልቭ ነው።

ውሳኔውን ከኮምፒውተሩ ወስዶ በእጁ ማድረግ የሚፈልግ ባለመኪና በገበያ ላይ ብዙ አማራጭ ያገኛል። ከመግዛቱ በፊት ግን የሚከፍለው ለድምፅ እንጂ ለጉልበት አለመሆኑን ማወቅ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሞዴል ኮርቬት በተባለው የስፖርት መኪና ላይ በአማራጭነት የቀረበው ባለ ቫልቭ ጭስ ማውጫ የሞተሩን ጉልበት ከ430 ወደ 436 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር ያሳደገው፤ ያም ቫልቩ በፋብሪካው ሥርዓት በራሱ ሲከፈት የሚገኝ ጭማሪ ነው። በዳሽቦርድ ላይ የሚገጠም ማብሪያ ከዚህ በላይ የሚጨምረው ጉልበት የለም።

አማራጮቹን የማወዳድርበት ዋና መለኪያ አንድ ነው፦ ማብሪያው ሲበላሽ፣ ሽቦው ሲላቀቅ ወይም ፊውዙ ሲቃጠል መኪናው ወደ ምን ዓይነት ሁኔታ ይመለሳል? ውበትና ምቾት ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

መጀመሪያ የቫልቩን ዓይነት መለየት

ቫልቩ የሚንቀሳቀሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በቫኪዩም (ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው የመምጠጥ ኃይል) የሚሠራው ሲሆን፣ በውስጡ የጎማ ሽፋን ያለበት ትንሽ የብረት ከበሮ በቀጭን ቱቦ ከሞተሩ የሚመጣለትን ቫኪዩም ተጠቅሞ የቫልቩን ክንድ ይጎትታል፤ ቫኪዩሙን የሚለቅለትና የሚከለክለው ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚያዘው ሶሌኖይድ የተባለ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መክፈቻና መዝጊያ ነው። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራው ነው። ለአንደኛው የተሠራ መቆጣጠሪያ ለሌላው ስለማይሆን፣ መኪናውን በክሪክ ሳይሆን በአስተማማኝ ድጋፍ ላይ አሳርፎ ከሥር መመልከት ከማንኛውም ግዢ መቅደም አለበት። ከቫልቩ ክንድ አጠገብ የጎማ ቱቦ የገባበት ክብ ከበሮ ከታየ ቫኪዩም ነው፤ የሽቦ ሶኬት ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ከታየ ኤሌክትሪክ ነው።

የቫኪዩም ዓይነት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር መጣራት አለበት፤ ይኸውም ቫኪዩሙ ቫልቩን የሚዘጋው ነው ወይስ የሚከፍተው የሚለው ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ እየሠራ ሳለ ቱቦውን ከከበሮው ነቅሎ አፉን በጣት መድፈን ይበቃል፤ ድምፁ ከጨመረ ቫኪዩሙ የሚዘጋው ነው ማለት ነው። በብዙ መኪናዎች አሠራሩ እንዲህ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ይህንኑ ዓይነት መሠረት ያደረገ ነው።

ሽቦውን መቁረጥ ወይስ ሁለተኛ ሶሌኖይድ መጨመር

ብዙ ባለመኪናዎች የሚጀምሩት የሶሌኖይዱን ፊውዝ በመንቀል ነው። ኤሌክትሪክ ያጣ ሶሌኖይድ ቫኪዩም ስለማይለቅ ቫልቩ በስፕሪንጉ ተገፍቶ ዘወትር ክፍት ይሆናል። ወጪ የለውም፤ ድምፁን ወድዶ ለመቀጠል ወይም ለመተው ለሚያመነታ ሰው ከዚህ የተሻለ ሙከራ አላውቅም። ሆኖም ያው ፊውዝ ሌላ ዕቃም ሊመግብ ስለሚችል የፊውዝ ሳጥኑን ሰንጠረዥ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በዚያው የሶሌኖይድ መስመር ላይ ማብሪያ ማስገባት ነው። ማብሪያው ሲበራ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ያዛል፤ ሲጠፋ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ርካሽና ቀላል መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጉድለቶች አሉበት። የመጀመሪያው፣ ኮምፒውተሩ ሶሌኖይዱን ሲፈልግ ሲያጣው የብልሽት ኮድ መዝግቦ የማስጠንቀቂያ መብራት ሊያበራ ይችላል። አንዳንድ ሻጮች ለዚህ መፍትሔ ብለው በሶሌኖይዱ ቦታ ኮምፒውተሩን የሚያታልል ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ያቀርባሉ። የሶሌኖይዱ ጥቅል 30 ኦም ገደማ ነው እንበል፤ ሞተሩ እየሠራ በ14 ቮልት ሲቆጠር ሬዚስተሩ 6.5 ዋት የሚያህል ሙቀት ያመነጫል። ስለዚህ ከኪቱ (ለመግጠም ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው የዕቃ ስብስብ) ጋር የመጣው ትንሽ የሩብ ዋት ሬዚስተር ከሆነ ይቃጠላል፤ ቢያንስ የ10 ዋት፣ ያውም ከፕላስቲክና ከምንጣፍ ርቆ በብረት ላይ የሚታሰር መሆን አለበት። ሁለተኛው ጉድለት ከመለኪያዬ ጋር የተያያዘ ነው፦ ማብሪያው ወይም ግንኙነቱ ሲበላሽ መኪናው ወደ ፋብሪካ ሁኔታው አይመለስም፣ ሳይፈለግ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

በእኔ ፍርድ ለቫኪዩም ሥርዓት ከሁሉ የሚሻለው የፋብሪካውን ሽቦ ጨርሶ ሳይነኩ፣ ከሶሌኖይዱ ወደ ከበሮው በሚሄደው ቱቦ መሃል ሁለተኛ ሶሌኖይድ ማስገባት ነው። ይህ ሁለተኛ ሶሌኖይድ ሦስት አፍ ያለው መሆን አለበት፤ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ቫኪዩሙን እንዳለ ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ግን የምንጩን ቱቦ ዘግቶ የከበሮውን ቱቦ በትንሽ ማጣሪያ በኩል ከውጭ አየር ጋር ያገናኛል፣ ቫልቩም ይከፈታል። ኮምፒውተሩ የራሱን ሶሌኖይድ በቦታው ስለሚያገኘው የሚመዘግበው ብልሽት አይኖርም። ማብሪያው ቢሰበር፣ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ፊውዙ ቢቃጠል መኪናው ፋብሪካው እንደሠራው ሆኖ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ገዢው አጥብቆ መጠንቀቅ ያለበት ሁለት አፍ ብቻ ያለው ሶሌኖይድ እንዳይሸጥለት ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ በቲ ቅርጽ ማገናኛ ተገጥሞ ቱቦውን ወደ ውጭ ሲከፍት የምንጩን ወገን ስለማይዘጋ፣ ያልተለካ አየር ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ሞተሩም ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል።

ሦስት ቦታ ያለው ማብሪያ

በማስታወቂያ ላይ ደምቆ የሚታየው “አውቶማቲክ፣ ክፍት፣ ዝግ” የሚል ሦስት ምርጫ ያለው ማብሪያ ነው። “ዝግ” የሚለው ምርጫ ሌሊት ወደ ቤት ለሚገባ ሰው እንደሚያጓጓ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ጠባቡ መንገድ የተለካው ለዝቅተኛ ዙር የጭስ መጠን ነው። ቫልቩ በግድ ተዘግቶ ሳለ ሞተሩ ወደ ከፍተኛ ዙር ከተነዳ ጭሱ ወደኋላ ይገፋል፣ ሙቀት ይጠራቀማል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ዙሩ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ በራሱ ወደ አውቶማቲክ የሚመለስ መቆጣጠሪያ ካልሆነ በስተቀር ይህን አማራጭ እንዲገዛ ለማንም አልመክርም። አብዛኛው መኪና በዝግታ ሲነዳ ቫልቩን ቀድሞውኑ ስለሚዘጋው፣ “አውቶማቲክ” እና “ክፍት” የሚሉት ሁለቱ በቂ ናቸው።

ቫልቩ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ከሆነ

መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በተገጠሙ ጭስ ማውጫዎች ላይ የሚገኘው ቀላሉ ሞተር ሁለት ሽቦ ብቻ አለው፤ ፖዘቲቩና ነጌቲቩ ሲቀያየሩ አቅጣጫውን ይለውጣል። ለዚህ የሚስማማው ስድስት እግር ያለው፣ ሁለቱንም መስመሮች በአንድ ጊዜ የሚገለብጥና እጅ ሲለቀው ወደ መሃል የሚመለስ ማብሪያ ነው። ወደ መሃል የማይመለስ ከሆነ ቫልቩ ጫፍ ከደረሰ በኋላም ሞተሩ ኤሌክትሪክ እየተቀበለ ይቆያል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል።

በፋብሪካ የተገጠመው ግን በአብዛኛው ሦስት ወይም አራት ሽቦ ያለው ሲሆን ትእዛዙን በምት መልክ (በፍጥነት በሚበራና በሚጠፋ የኤሌክትሪክ ምልክት) ከኮምፒውተሩ ይቀበላል። በዚህ ላይ ተራ ማብሪያ ለማስገባት መሞከር ውድ የሆነውን የቫልቩን ሞተር ለጉዳት ማጋለጥ ነው። ለዚህ ዓይነት የሚገዛው በሶኬቱና በሞተሩ መካከል የሚሰካ፣ ትእዛዙን እያነበበ የሚያሳልፍ ወይም የሚተካ ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው። በትክክለኛው ሶኬት የተሠራ፣ ሽቦ ሳይቆረጥ የሚነቀልና ባለገመድ ቁልፍ የሚቀበል ሞዴል ይመረጥ። ሻጩ መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪክ ሲያጣ የኮምፒውተሩን ትእዛዝ ያሳልፍ እንደሆነ ካልመለሰ ዕቃውን መተው ይሻላል።

ገመድ ወይስ ሪሞት

ሪሞትና የስልክ መተግበሪያ ዳሽቦርድ መብሳትን ያስቀራሉ፤ በሊዝ ለተወሰደ መኪና ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ተቀባዩ ሁልጊዜ እየጠበቀ የሚኖር ከሆነ ባትሪ ይበላል። የ20 ሚሊ አምፔር ፍጆታ ትንሽ ይመስላል፤ በ30 ቀን ግን ከ14 አምፔር ሰዓት በላይ ይሆናል፣ ይህም የአንድ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሩብ ገደማ ነው። የስፖርት መኪና ደግሞ ሳይነዳ ሳምንታት የሚቆም መኪና ነው። እኔም ከክረምት በኋላ መኪናዬን ላስነሳ ስል ባትሪው ባዶ ሆኖ ያገኘሁት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አብሮ ከሚጠፋ መስመር ላይ ያልተያያዘ ነገር አልገጥምም። ከዚህም በላይ በመንገድ ላይ ስልክ ከፍቶ መተግበሪያ መፈለግ ዓይንን ከመንገድ ያነሳል፤ በጣት ጫፍ የሚታወቅ ማብሪያ ግን ሳያዩት ይነካል።

ማብሪያው ራሱ

ወደላይና ወደታች የሚገፋው ዘንግ ያለው ማብሪያ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይገባል፣ ያለበትንም ሁኔታ በመንካት ያሳውቃል፤ የእኔ ምርጫ እርሱ ነው። ባለ ብርሃን የግፊት ቁልፍ በ16፣ በ19 ወይም በ22 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይገጠማል፣ ያምራልም፤ ነገር ግን መብራቱ በሌሊት ዓይን የሚያጭበረብር ከሆነ ከዳሽቦርዱ መብራት መስመር ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። በመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ባዶ ክዳን ካለ በዚያ ልክ የተሠራ የፋብሪካ ቁልፍ ማስገባት ከሁሉም በላይ ንጹሕ ሥራ ነው። ሆኖም የፋብሪካ ቁልፎች ለኮምፒውተር ምልክት ለመስጠት እንጂ ጭነት ለመሸከም አልተሠሩም፤ ስለዚህ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን ጭነት የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) ያስፈልጋቸዋል። ሪሌው የሚፈልገው 0.15 አምፔር ገደማ ነው፤ ቁልፉ ይህንንም መቻሉ መጣራት አለበት። ጭነቱን ራሱ የሚሸከም ማብሪያ ለመረጠ ሰው ግን ግማሽ አምፔር ለሚወስድ አንድ ሶሌኖይድ ሪሌ መጨመር የሚበላሽ ዕቃ መጨመር ብቻ ነው።

በማብሪያው ጀርባ “250 ቮልት 10 አምፔር” ተብሎ የተጻፈው ለቤት ኤሌክትሪክ ነው። በባትሪ ኤሌክትሪክ የሚፈጠረው ብልጭታ ቶሎ ስለማይጠፋ ለ12 ቮልት ዲሲ የተጻፈውን ቁጥር መፈለግ ይገባል። ሶሌኖይዱ ሲጠፋ የሚመልሰውን ከፍተኛ ቮልት ለማፈን በሁለት ጫፎቹ መካከል 1ኤን4007 የተባለውን ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ)፣ ባለ መስመር ጫፉን ወደ ፖዘቲቩ አድርጎ ማሰር የማብሪያውን ዕድሜ በእጅጉ ያራዝማል። ዋጋው ከሁሉም ዕቃ ያነሰ ሆኖ ሳለ በብዙ ኪቶች ውስጥ የማይገኘውም እርሱ ነው።

ሌላው ልዩነት ከትውስታ ጋር የተያያዘ ነው። ቋሚ ማብሪያ ትናንት ክፍት ተደርጎ ከተተወ ዛሬ ንጋት ላይ ሞተሩ ሲነሳ ጎረቤትን ይቀሰቅሳል። ተገፍቶ የሚመለስ ቁልፍ ከራሱ ትንሽ መቆጣጠሪያ ጋር ሲሆን ግን መኪናው በጠፋ ቁጥር ወደ አውቶማቲክ ይመለሳል። መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ለተጨማሪው ወጪ የሚበቃ ምክንያት ነው።

ስለ አገጣጠሙ

መስመሩ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ከሚበራ ምንጭ ይነሳ፣ 3 አምፔር ፊውዝ ከምንጩ አጠገብ ይግባበት፣ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይበቃል። ሽቦው ወደ ሞተሩ ክፍል ሲያልፍ በጎማ ቀለበት ውስጥ ይለፍ፤ ሶሌኖይዱም ከጭስ ማውጫው ሙቀት ርቆ ይቀመጥ። ሽቦ የሚበሱትን ፈጣን ማገናኛዎች ትቶ በመጭመቂያ መግጠም ይመረጣል። ዳሽቦርዱ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል፤ ቢጫ ልባስ ያላቸው ሽቦዎች የኤርባግ ስለሆኑ በቴስተርም እንኳ አይነኩ።

በብዙ አገሮች መኪናው ከተፈቀደለት በላይ እንዲጮህ ማድረግ በዓመታዊ ምርመራ ላይ ያስጥላል፣ የዋስትና ጥያቄም ያስነሳል፤ ሁለተኛው ሶሌኖይድ ግን በደቂቃዎች ተነቅሎ ቱቦው እንደ ቀድሞው ሊገናኝ ይችላል። ሥራው ካለቀ በኋላ የዳሽቦርዱ ክዳን ከመዘጋቱ በፊት ማብሪያው “ክፍት” ላይ ሳለ የአዲሱን መስመር ፊውዝ መንቀል ይገባል፤ ሞተሩ ሞቆ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ እየሠራ ድምፁ በዚያው ቅጽበት ካልቀነሰ፣ ሶሌኖይዱ በተቃራኒ አፉ ተገጥሟልና ቱቦዎቹ መቀያየር አለባቸው።