እማዬን እንደ ገዛ እናቱ ይዞ ቺቼን ኢትዛን ላስጎበኘን ሰው

ሰላም ወገኖቼ። ከሜክሲኮዋ ካንኩን ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሆነን፤ እማዬ ግን የደወለላትን ሰው ሁሉ ስለዚያ ሰውዬ ሳታወራ ስልኩን አትዘጋም። ትናንት ማታ ደግሞ "ልጁን በደንብ አመስግነሽዋል ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ። አመስግኜዋለሁ። ነገር ግን ያደረገልን ነገር በአንድ የስልክ መልእክት የሚመለስ አልመስልሽ አለኝ። በልጆች የትምህርት እረፍት ወደዚያ የምትሄዱ ብዙ እንዳላችሁም ስለማውቅ በሰፊው ልጻፈው ብዬ ነው።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሜክሲኮ ስንሄድ ይህ ሁለተኛችን ነው። በመጀመሪያው ጊዜ በትልቅ አውቶቡስ ከሚያስጎበኝ አንድ ድርጅት ጋር ሄድን። ከሆቴል ሆቴል ሰው ሲለቅም ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ መንገድ ላይ ሁለት ዕቃ መሸጫ ቤት አስቆመን፤ የጥንቱ የማያ ከተማ ፍርስራሽ የሆነው ቺቼን ኢትዛ ጋ የደረስነው ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ለዋና የተሰጠን 40 ደቂቃ ነበር፤ ግማሹ ለሻወር ስንሰለፍ አለቀ። ልጆቼ ከዚያ ቀን የሚያስታውሱት ሙቀቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ እማዬን ይዘን ስንነሳ ፈርቼ ነበር። 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። የተገኘው ቀን ደግሞ ዓርብ ሆነ። እማዬ እንኳን ለጉብኝት ለሌላም ዓርብን አትገድፍም።

ይህን ሰው የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቫያዶሊድ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ካለ መንደር የተወለደ የማያ ሰው ነው፤ ማያ የዚያ አካባቢ ነባር ሕዝብ ነው። ቤቱ የሚናገረው ማያ ነው፤ ስፓኒሽም እንግሊዝኛም አቀላጥፎ ይናገራል። ከሜክሲኮ መንግሥት የተሰጠውን የአስጎብኚነት መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የራሱን ቫን ራሱ እየነዳ ይሠራል። በቀን የሚይዘው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው።

ገና ሳንተያይ ነው ልቤን ያሳረፈው። በዋዜማው ማታ ጻፈልኝ፦ "እናትሽ ስንት ደረጃ መውረድ ይችላሉ? የማይበሉትስ ነገር አለ?" ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማትበላ ነገርኩት። ወዲያው መለሰልኝ፦ "የአሳማ ሞራስ? እዚህ ቦሎቄውን ብዙ ሰው በሞራ ነው የሚሠራው። ድስቱ ሳይጣድ አሁኑኑ ልደውልላቸው።" እኔ ቦሎቄ ጾም ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር። እሱ ባይጠይቅ እማዬን ሳናውቅ ጾም እናስገድፋት ነበር ማለት ነው። ቀጠለና ጠዋት ሎሽንም፣ የፀሐይ መከላከያም፣ የፀጉር ቅባትም እንዳንቀባ አሳሰበን። የምንዋኝበት ውሃ ከመሬት በታች እየሄደ ሕዝቡ የሚጠጣው ውሃ ነው፤ ለፀሐዩ እጅጌው ረጅም ልብስና ባርኔጣ ይበቃችኋል አለን።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሆቴሉ በር ቆሞ አገኘነው። ካንኩን ያለችበት የኪንታና ሮ ክልል ቺቼን ኢትዛ ካለበት ከዩካታን ክልል አንድ ሰዓት ይቀድማል። እሱ ያችን አንድ ሰዓት ተጠቅሞ ቫያዶሊድ ላይ ቡና አጠጥቶን፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ የቺቼን ኢትዛ በር በእነሱ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጋር አስገባን። ትኬቱ ሁለት ክፍያ አለው፤ አንዱ ለፌዴራሉ የቅርስ ተቋም፣ ሌላው ለክልሉ። የእኛን አስቀድሞ ስለጨረሰው እማዬ አንድም ቦታ ሰልፍ ላይ አልቆመችም።

መንገድ ላይ ስለ ስሙ የነገረን ነገር ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ልዩ ትርጉም ስላለው ልንገራችሁ። "ቺቼን ኢትዛ" የምንለው አፋችን ስላልለመደው ነው እንጂ በማያ "ቺ ጬን ኢትሳ" ነው፤ ቺ አፍ፣ ጬን ጉድጓድ፣ ኢትሳ የሕዝቡ ስም፤ "በኢትሳዎች ጉድጓድ አፍ ላይ" እንደማለት። የማያ ቋንቋ ልክ እንደ እኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ እና ጰ አለው። የሚመጡት ቱሪስቶች ብዙዎቹ እነዚህን ድምፆች ማውጣት ያቅታቸዋል። ስፔኖች "ሴኖቴ" ብለው የጠሩትን የተፈጥሮ የውሃ ጉድጓድ በማያ ሲነግረን እማዬ ከኋላ ወንበር "ጾኖት" ብላ እንደ ጸሎትና እንደ ጸበል አፏን ሞልታ አለችው። መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ። ዞሮ "ዶኛ፣ እስኪ ይድገሙልኝ" አላት፤ ዶኛ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። የማያዎቹን የላባማ እባብ አምላክ ስም ቁቁልካን አላት፤ ቁቁልካን አለች። ሳቁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ማያ ሲያስተምራት ዋለ።

ትልቁን ፒራሚድ ፎቶ ላይ ሁላችሁም አይታችሁታል። ቁመቱ ወደ 30 ሜትር ነው፤ መውጣት ክልክል ስለሆነ ጉልበት ለሚያመው ሰው የሚያስቀናም ነገር የለውም። በአራቱም በኩል 91፣ 91 ደረጃ አለው፤ አናቱ ላይ ያለው መድረክ ሲጨመር 365 ይሆናል። ደረጃው ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታጨበጭቡ ድምፁ እንደ ወፍ ጩኸት ሆኖ ይመለሳል፤ ልጆቼ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። 168 ሜትር የሚረዝመውን የኳስ ሜዳና መሥዋዕት ይጣልበት የነበረውን ትልቁን ጉድጓድም አይተናል። እኔ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ዛፍ ጥላ ስር ስለሆነው ነው።

እማዬን የምትታጠፍ ወንበር አውጥቶ አስቀመጣት፤ ወንበሯን ከመኪናው ጀምሮ ትከሻው ላይ ይዞ ነው የሚዞረው። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ መሬቱ ላይ በእንጨት የዓመቱን ቀኖች ይሥልላት ጀመር። የማያ ዓመት 18 ወር አለው፤ እያንዳንዱ ወር 20 ቀን ነው። 18 መስመር አሰመረ። "ስንት ሆነ?" አላት። ልጄ 360 አለች። አምስት ጠጠር አነሳና ከመስመሮቹ ራቅ አድርጎ ለብቻቸው አስቀመጣቸው። "እነዚህ አምስቱ የየትኛውም ወር አይደሉም። ዋዬብ ይባላሉ።"

እማዬ ከወንበሯ ብድግ አለች። "ጳጉሜ!"

ትርጉሙን እኔ ነኝ የነገርኩት። አገራችን 12 ወር 30፣ 30 ቀን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ለብቻዋ እንደምትቆም። እማዬ ቀጠለች፦ "በየአራት ዓመቱስ ስድስት አትሆንም በለው?" አትሆንም አላት፤ የእነሱ ሁልጊዜ አምስት ናት፤ ስለዚህ ዓመታቸው ቀስ በቀስ ከወቅቱ ጋር ይንሸራተት ነበር። በቀድሞ ማያዎች ዘንድ እነዚያ አምስት ቀኖች ክፉ ቀኖች ናቸው፤ ሰው ከቤቱ ባይወጣ ይመርጣል። እማዬ የእኛን ነገረችው፤ ጳጉሜ 3 ሩፋኤል እንደሆነ፣ የዚያን ቀን ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ልጆች ራቁታቸውን እየዘለሉ እንደሚጠመቁበት። ሰውዬው ከኪሱ ደብተር አወጣ። "ጳ-ጉ-ሜ" እያለ ጻፈው፤ ጰን ሳያበላሽ። ሃያ ዓመት ያህል ይህን ሥራ ሲሠራ ይህን የነገረው ሰው እንደሌለ ነገረን። አስጎብኚ ሲያወራ ብዙ ሰምቻለሁ፤ የእናቴን ወሬ ደብተር አውጥቶ የሚጽፍ ግን ሌላ አላየሁም።

ምሳ የበላነው እሱ ከማታው የደወለላቸው ሴት ግቢ ውስጥ ነው። ያለ ሞራ የተሠራ ጥቁር ቦሎቄ፣ ምጣድ ላይ እያየናት የተጋገረች ትኩስ የበቆሎ ቂጣ፣ ደግሞም ሲኪል ጳክ የሚሉት ነገር። የዱባ ፍሬ ይቆላና ይፈጫል፤ ከተጠበሰ ቲማቲም፣ ከድንብላል ቅጠልና ከሚያቃጥል ቃሪያ ጋር ይታሻል። እማዬ አንዴ ቀምሳ "ይሄማ የሱፍ ዘመድ ነው" ብላ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ለልጆቹ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ ዶሮ ቀረበላቸው።

ከግቢው ጓሮ፣ ሳር ክዳን ስር ሁለት ጫፋቸው የተወተፈ ባዶ ግንዶች በርከት ብለው ተደርድረዋል። የማይናደፉ ንቦች ቀፎ ነው። ሹናን ካብ ይሏቸዋል፤ ማያዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያረቧቸው ናቸው። ማሩ ቀጠን ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል ነው። ሴትየዋ ለዓይንም ለቁስልም መድኃኒት ነው አሉን። እማዬ ጣቷን ልሳ ዓይኗን ጨፈነች። "ጣዝማ!" የእኛም ጣዝማ ከመሬት ውስጥ ትቆፈር እንጂ የማትናደፍ ንብ ማር እንደሆነችና ለሳልና ለጉሮሮ እንደምትሰጥ እያስረዳች ከሴትየዋ ጋር በምልክት ሲያወሩ ግማሽ ሰዓት አለፈ። እሱ አላቻኮለንም። ሰዓቱን እንኳ ሲያይ አላየሁትም። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ገዛን፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለሴትየዋ ነው የተከፈለው።

ከዚያ ወደ ውሃው። ብዙ ሰው የሚሄደው ቺቼን ኢትዛ አጠገብ ወዳለው ኢክ ኪል ነው። በጣም ውብ ነው፤ ግን ውሃው ያለው ከመሬቱ ወለል ወደ 26 ሜትር ዝቅ ብሎ ስለሆነ መውረጃው ረጅም ደረጃ ነው። "ለእናትሽ አይሆንም" ብሎ የመንደር ሰዎች በጋራ ወደሚያስተዳድሩት ትንሽ ሴኖቴ ወሰደን፤ ደረጃው አጭርና ሰፊ፣ መደገፊያው ጠንካራ ነው። የሰሜን ዩካታን ምድር በላዩ ላይ ወንዝ የለውም። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡን ይጠጣዋል፤ ውሃው ከስር ዋሻ እየቦረቦረ ይሄዳል፤ የዋሻው ጣሪያ የተደረመሰበት ቦታ ሴኖቴ ይሆናል። ባለቤቴ የባሌ ልጅ ነው፤ ይህን ሲሰማ ወዲያው ሶፍ ዑመርን፣ የዌብ ወንዝ የቦረቦረውን ያንን ዋሻ አነሳ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚህ የወደቀው ግዙፍ የጠፈር አለት በተወው ጉድጓድ ዙሪያ ሴኖቴዎቹ እንደ ቀለበት እንደተሰለፉም አስጎብኚያችን ነገረን።

ሻወር ወስደን የመንሳፈፊያ ጃኬት ለበስን። እሱ እማዬ ፊት ሆኖ ወደኋላ እየተራመደ፣ ሁለት እጇን ይዞ አወረዳት። በእያንዳንዱ ደረጃ በማያ ይቆጥራል፦ ሁን፣ ካኣ፣ ኦሽ... እሷም ትከተለዋለች። አምስት ሲደርሱ ቆም ብለው ይተነፍሳሉ፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ታች ስንደርስ ከላይ ካለው ክብ ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ቀጥ ብሎ ውሃው ላይ ወርዷል፤ የሾላ ዘመድ የሆነ ዛፍ ሥሮች እንደ ገመድ ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል፤ ውሃው ሰማያዊ ሆኖ እስከ ጥልቅ ድረስ ይታያል። እማዬ ተቀመጠች፤ እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች። ትናንሽ ዓሦች መጥተው ተረከዟን ነካክተው ሸሹ። አማተበችና ሦስት ጊዜ ፊቷን ታጠበች። እሱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለልጆቹም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጣቸው። በኋላ አያቱም ሁልጊዜ ፈቃድ ጠይቀው ነበር ወደ ውሃው የሚገቡት አለኝ።

ከዚያ ያላሰብነው ሆነ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ዋና ገብታ የማታውቅ ሴት "እኔም ልግባ" አለች። ውሃው መሐል የተዘረጋውን ገመድ አስያዛት፤ በአንድ እጁ ጀርባዋን ደግፎ፣ ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል አብሯት ተንሳፈፈ። ነጠላዋን ደረጃው ላይ አጥፋ ትታ፣ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሳ፣ በጀርባዋ ተኝታ ያንን ክብ ሰማይ ስታይ አየኋት። "ጉልበቴን አላገኘሁትም" አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ስላት፣ "ሕመሙን ነዋ፤ ፈልጌ አጣሁት።" ከዓመታት በኋላ እናቴ ያለ ሕመም ያሳለፈቻት ጊዜ ያቺ ናት። አልቅሻለሁ፤ ውሃ ውስጥ ስለነበርኩ ማንም አላየኝም።

ማታ ሆቴል ሲያደርሰን በማያ እንዴት እንደሚመሰገን ጠየቀችው። "ዲዮስ ቦኦቲክ" አላት፤ እግዜር ይክፈለው እንደማለት ነው። "እኛም እግዜር ይስጥልኝ ነው የምንለው" አለችና ግንባሩን ሳመችው።

ለምትሄዱ፦ በቀን አንድ ቤተሰብ ብቻ ስለሚይዝ ቀድማችሁ ያዙት። ቫኑ ያረጀ ነው፤ የኋላው ወንበር ላይ ማቀዝቀዣው ደከም ይላል፤ ሽማግሌ ካለ ፊት ይቀመጥ። ለመንደሮቹ ጥሬ ፔሶ ያዙ። ጾመኛ ከሆናችሁ ወይም አሳማ የማትበሉ ከሆነ ማታውኑ ንገሩት፤ ባትነግሩትም ይጠይቃችኋል። ሳያስፈቅዱት የሰው ስልክ መበተን ስለማይገባ ስሙንና ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለሁላችሁም እሰጣለሁ።

አንድ አደራ ደግሞ ከእማዬ፦ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ካለ ራሷ የቆላችው ግማሽ ኪሎ የይርጋ ጨፌ ቡና ታሽጎ ተቀምጧል፤ ያድርስልኝ ብላለች።